የመምህሩ ልጅ ሆጋርት

የከተማን ኑሮና የሀብታምና የድሃን ልዩነት በሚያስቁ፣ ግን ልብ በሚያቆስሉ ሥዕሎች ካሳዩት ሰዎች አንዱ ዊሊያም ሆጋርት ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1697 ለንደን ውስጥ ነው። አባቱ የላቲን መምህር ነበር። መጻሕፍትም ጽፏል፤ ኪሱ ግን አልሞላም። ቡና ቤት ከፍቶ ከሰረና በዕዳ ለዓመታት ታሰረ። ልጁ ይህን እያየ አደገ።

ሆጋርት በብር ዕቃ ላይ ጌጥ ከሚቀርጽ ባለሙያ ዘንድ ሙያ ተማረ። ኋላም ፊቱን ወደ መዳብ ሰሌዳ አዞረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሥዕሉ በሹል ብረት ይቀረጻል፤ ጭረቱ በቀለም ይሞላል፤ ትርፉ ይጠረግና እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያ ይጨመቃል። ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ስለሚወጣ ዋጋው በሸራ ላይ ከሚሣል ሥዕል እጅግ ይረክሳል።

እ.ኤ.አ. በ1732 ያወጣቸው ስድስት ተከታታይ ሥዕሎች ከገጠር ለንደን የገባች ልጃገረድን ሕይወት ይተርካሉ። ገና ከመድረሷ አንዲት ደላላ አገጯን ዳብሳ ትቀበላታለች። ከዚያማ ሴተኛ አዳሪነት፣ እስርና በለጋ ዕድሜ ሞት። ከሁምቦ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የሄደ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ሥዕሎቹ ሲወደዱ ሌሎች አታሚዎች እየገለበጡ ቸበቸቧቸው። ታዲያ የአባቱ ድካም በመጽሐፍ ነጋዴዎች እጅ መቅረቱን ያልረሳው ሆጋርት ዝም ይበል? ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ለፓርላማ አቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1735 የቀራጺያንን መብት ለ14 ዓመት የሚጠብቅ ሕግ ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1751 ርካሽ አረቄ የሚያደርሰውን ጥፋት ቀረጸ። የሰከረች እናት ልጇ ከእጇ ሲወድቅ አታውቅም፤ ሰፈሩ እየፈረሰ ዕቃ በመያዣ የሚቀበለው አበዳሪ ግን ይበለጽጋል። ሥዕሉ በአንድ ሽልንግ ይሸጥ ነበር፤ ለቀን ሠራተኛ ግን ሽልንጓም ቀላል አልነበረችም። በዚያው ዓመት ፓርላማው የአረቄውን ንግድ የሚቆጣጠር ሕግ አወጣ።

ሆጋርት ልጅ አልወለደም፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1739 በለንደን የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1764 አረፈ።

እጩ መምህራን ሆይ! ሆጋርት ጎረቤቱን አስተውሎ፣ ያየውን ሳይሸሽግ ቀረጸ። ይህ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ጠመኔ ይዞ ለሚቆም እጅም የሚቻል ነገር ነው።