በሰንጠረዥ የማይሸነፉት ራስ

ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ገበታ፣ አንዱ ፊቱን አንዱ ጀርባውን ያዞረ ቆርኪ፣ ሁለት ተጫዋቾችና ቢያንስ ስድስት አማካሪዎች። ዳማ ማለት ይኸው ነው። ከመርካቶ እስከ ቦንጋ፣ ሥራ ፈት በሆነች ሰዓት ጓደኛሞች በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ይሁኑ እንጂ የሚጮኸው ዙሪያውን የቆመው ነው። አንዱ ብላ ይላል፣ ሌላው ተው ይላል፣ ትዕግሥቱ ያለቀበት ደግሞ እጁን ሰድዶ ቆርኪውን ራሱ ይገፋዋል።

ይህ የተመልካች ጣልቃ ገብነት የዛሬ አይደለም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በአንድ ታላቅ መስፍን አዳራሽ ውስጥም ልክ እንዲህ ይደረግ ነበር። ልዩነቱ ገበታው ካርቶን፣ ጠጠሩም ቆርኪ አለመሆኑ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። በዚያ አዳራሽ ከተጫዋቾቹ አንዱ ፈጽሞ አይሸነፉም ነበር። እኒህ ሰው በዘመነ መሳፍንት ትግራይን የገዙት ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስደት እስከ ራስነት

ራስ ወልደ ሥላሴ የእንደርታ ባላባት የክፍለ ኢየሱስ ልጅ ናቸው። የወጣትነት ጊዜያቸው የተድላ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ትግራይን ብቻ ሳይሆን የጎንደርን ዙፋን ጭምር እንደፈለጉ ያነሱና ይጥሉ የነበሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ወልደ ሥላሴም ከእኒህ ኃያል ሰው ጋር ተቃቅረው ለዓመታት በስደትና በሽፍትነት ኖረዋል። በዚያ ዘመናቸው ከራስ ሚካኤል ጦር ሁለት ጀግኖች ወጥተው በአንድነት ይግጠሙኝ ብለው ሁለቱንም በፈረስ ላይ ውጊያ እንደጣሏቸው ይተረክላቸው ነበር። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ጥቂት አድጎ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሰውየው በድፍረታቸው የታወቁ እንደነበሩ ያሳያል።

ራስ ሚካኤል ካለፉ በኋላ የወልደ ሥላሴ ኮከብ ወጣ። የእንደርታ ገዥ ሆኑ። ቀጥሎም መላው ትግራይ በእጃቸው ገባ። በዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዘመንም የራስ ቢትወደድነት ማዕረግ አገኙ። የኃይላቸው ምንጭ ሁለት ነበር። አንደኛው በዘመኑ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ምጽዋ ወደብ የሚወስደው መሥመር ሲሆን፣ ነፍጥ የሚገባውም በዚያው ነበር። በዚህ ላይ ሆነው በጎንደር ዙሪያ የበላይነቱን ከያዙት ከየጁው ራስ ጉግሣ ጋር ለዓመታት ተፎካከሩ።

መቀመጫቸው ሕንጣሎና ጨለቆት ነበሩ። ሁለቱም ከመቀሌ በስተ ደቡብ ይገኛሉ። የጨለቆት ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው። በአካል አጭርና ቀጠን ያሉ፣ በእንቅስቃሴ ፈጣን፣ በዓይናቸው ብልህነት የሚነበብ፣ ሞገሳቸው ግን ከቁመታቸው የሚበልጥ ሰው እንደነበሩ ያዩዋቸው ጽፈዋል።

የእንግሊዛዊው ማስታወሻ

ከእነዚህ ጸሐፊዎች ዋነኛው ሔንሪ ሶልት ነው። ሶልት በ1805 የእንግሊዛዊው መኰንን የሎርድ ቫለንሺያ መልእክተኛ ሆኖ ከምጽዋ ተነሥቶ ሕንጣሎ ገባ። ሥዕል የሚችል፣ ያየውን ሁሉ የሚመዘግብ ወጣት ነበር። ከጉዞ ጓደኞቹ አንዱ ናትናኤል ፒርስ የተባለ መርከበኛ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ቀረ። ፒርስ ከራሱ ጋር ተቀያይሞ ርቆ የሄደበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ጠላቶቻቸው ተባብረው እንደተነሡባቸው ሲሰማ ተመልሶ ከጎናቸው ቆመ። ራሱም ይህን ውለታ አልረሱለትም። ሶልት ራሱ በ1810 የንጉሥ ጆርጅ 3ኛን ደብዳቤና ስጦታ ይዞ ለሁለተኛ ጊዜ መጥቷል።

እንግዲህ ሶልት ከመዘገባቸው ነገሮች መካከል የራስ ወልደ ሥላሴ የመዝናኛ ሰዓት ይገኝበታል። ራሱ ከጦርና ከፍርድ ሲያርፉ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ነበሩ። ይሁንና ትላልቅና ሸካራ ስለነበሩ በእንግሊዛዊው ዓይን ብዙም አላማሩም። ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ ቀስ ብሎ አያነሣም፤ በጠጠሩ በኃይል መትቶ ከቦታው ያባርረዋል እንጂ።

ሶልትን ይበልጥ ያስገረመው ግን ጫጫታው ነው። በአውሮፓ ቼዝ የዝምታ ጨዋታ ነው። በሕንጣሎ ግን በዙሪያው ያለው ሁሉ፣ ባሮች ሳይቀሩ፣ በጨዋታው ላይ ድምፅ አላቸው። የተሻለ መንገድ የታየው ሰው ያለ ፈቃድ ጠጠሩን ያነሣና በዚህ ቢሆንስ ብሎ ያሳያል። በሌላ ጊዜ በራሱ ፊት ቀና ብሎ ለማየት የሚፈራ ሁሉ በዚያች ሰዓት መካሪ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ነፃነት ባለበት ጨዋታ ግን ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። መኳንንቱ በታላቅ ብልሃት እየተጠነቀቁ ራሱ እንዲያሸንፉ ያደርጋሉ። ሶልት ይህን አስተውሎ ጽፎታል።

የንጉሥና የመደቅ ጨዋታ

ለመሆኑ ይህ ሰንጠረዥ ምን ዓይነት ጨዋታ ነበር? ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በቢሮ ሪፖርት ላይ ቁጥር የሚሞላበት መደዳ ነው። ቃሉ ወደ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ግን የቤተ መንግሥት ጨዋታ መጠሪያ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተመዝግቧል።

ገበታው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ ተሰፍቶበት በ64 ቤት ይከፈላል። እንደ ዘመኑ ቼዝ ነጭና ጥቁር ቤት የለውም። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የሚባሉ ጠጠሮች አሉት። በዘመናዊው ቼዝ ከሁሉ የምትበረታው ንግሥት በዚህኛው የለችም። በእርሷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በአንድ ጊዜ አንዲት ቤት ብቻ በሰያፍ የሚሄድ ደካማ ነው። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ ከፊቱ ባለው ጠጠር ላይ ይዘላል። ይህ ሁሉ ጥንታዊው የፋርስና የዐረብ ጨዋታ አውሮፓ ውስጥ ከተለወጠ በኋላም በኢትዮጵያ እንደቆየ የሚያሳይ ነው።

ኢትዮጵያውያን የጨመሩበት ልዩ ነገር ደግሞ አጀማመሩ ነው። በኋላ ዘመን ጨዋታውን ያጠኑ እንደገለጹት የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። የባላጋራን አሰላለፍ አይቶ የራስን ማፍረስና እንደገና መሥራት ይቻላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፣ ተራ መጠበቅም ይጀመራል። አሸናፊነትም ደረጃ አለው። በብርቱዎቹ በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ ብዙ አያስመሰግንም። በፊል ወይም በፈርዝ መያዝ ይሻላል። በተናቁት መደቆች ንጉሥን ማጥመድ ግን ከሁሉ የላቀ ክብር ነው።

ጦርና ፖለቲካ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ትልቁን በትልቅ መጣል ማንም ይችለዋል። ትልቁን በትንሽ መጣል ነው ጥበቡ።

ምክር ያለበት፣ እውነት የሌለበት ገበታ

እዚህ ላይ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ እንመለስ። ትንሹ መደቅ ንጉሡን ሲይዝ የሚከበርበት ጨዋታ ነው። በዙሪያው ያለው ባሪያ እንኳ ይናገራል። ግን ራሱን ማንም አያሸንፍም። ታዲያ ያ ሁሉ ምክር ለማን ጠቀመ?

ምክርን ለገዥው መልካም ፈቃድ ብቻ ያልተዉም ነበሩ። በዚያው ዘመን፣ ከሕንጣሎ በእጅጉ ርቆ በደቡብ ምዕራብ፣ ቦንጋንና አንድራቻን መናገሻው ያደረገው የከፋ መንግሥት ራሱን ችሎ ይተዳደር ነበር። በ1897 በምኒልክ ጦር ተሸንፎ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እስኪማረኩ ድረስም ቆይቷል። በከፋ ንጉሡን የሚያማክሩ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ሥራቸው ማጨብጨብ አልነበረም። ንጉሡን የመግታት አቅምም ነበራቸው። ይህ ከፋን ከጦርነትም ከጭቆናም አላዳናትም። ቢሆንም ምክር ሥርዓት ሲኖረውና ምክር የጨዋታ ሰዓት ነፃነት ብቻ ሲሆን ልዩነቱ ይታያል። በሕንጣሎ ጠጠር አንሥቶ ማሳየት ይቻል ነበር፤ ራሱ ተሳስተዋል ብሎ ማሸነፍ ግን አይቻልም።

በእርግጥ በመኳንንቱ ላይ መፍረድ ይከብዳል። ርስትና ጉልት፣ ሹመትና ሽረት በእኒያ ሰው እጅ ነው። በሰንጠረዥ አሸንፎ በማግሥቱ ፊት ከሚነሣው ይልቅ ተሸንፎ የሚሾመው ይሻላል ቢል ማን ይፈርድበታል? ራሱም ቢሆኑ የዋህ አልነበሩም። ሰዎቻቸው ሆን ብለው እንደሚለቁላቸው ሳይጠረጥሩ አይቀሩም። ያም ሆኖ ጨዋታው በዚያው ቀጠለ።

ከጨዋታው ውጭ ያለው ገበታ ግን አይለቅም። ራስ ወልደ ሥላሴ በ1816 ግንቦት ወር፣ በዕድሜ ገፍተው፣ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። በዚያ የጦርነት ዘመን አልጋ ላይ መሞት ራሱ ድል ነው። ነገር ግን ሥልጣናቸውን በሰላም የሚረከብ ሰው አልተዘጋጀም ነበር። ሞታቸው እንደተሰማ ትግራይ በመሳፍንቱ ፉክክር ታመሰች። ሌላው ቀርቶ ፒርስም እስከ 1818 አካባቢ ያን ብጥብጥ እያየ ቆይቶ ከአገር ወጣ። ከብዙ ውጊያ በኋላ የአጋሜው ሱባጋዲስ ወልዱ የበላይነቱን ጨበጡ። እርሳቸውም በ1831 በደብረ ዐባይ ጦርነት ሕይወታቸውን አጡ። ንጉሡ ከገበታው ሲነሣ ጠጠሮቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተባሉ።

ከአዳራሽ ወደ ሳሎን

የዝሆን ጥርሱ ሰንጠረዥ ዛሬ የለም። መኳንንቱ ሲጫወቱት ኖረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቀስ በቀስ ተረሳ። በ1971 ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የሰንጠረዥንና የገበጣን ታሪክ አሰባስበው ሲጽፉ የሰንጠረዥን ሕግ የሚያስታውሱት አረጋውያን ብቻ ነበሩ። ገበጣ ግን የድሀም የሀብታምም ስለነበረ ተርፏል። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ለቅሞ መጫወት ቤተ መንግሥት አይፈልግምና። ዳማም እንዲሁ ካርቶንና ቆርኪ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የሕንጣሎው አዳራሽ ጠባይ ግን ከሰንጠረዡ ጋር አልጠፋም። ዛሬም የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለመዝናናት ሲወጡ ዋና ሥራ አስኪያጁ በቢንጎም በካርታም በዳማም የሚቀናቸው በአጋጣሚ ነው? አባት በልጆቹ ፊት ሲሸነፍ ጠጠሩን በትኖ የሚነሣ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው ማሰብን ነው ወይስ አባትን ማስደሰትን? በሌላ በኩል ደግሞ ልጅ እንዳያለቅስ ብለን ሁልጊዜ የምንለቅለት ከሆነ ያሳደግነው ትንሽ ራስ ወልደ ሥላሴን ነው፤ ዙሪያው ሁሉ የሚሸነፍለት፣ ነገር ግን ከቤት ውጭ ማንም የማይለቅለትን።

የቤተሰብና የጓደኛ ጨዋታ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። መሸነፍ የማያስከፍልባት፣ ማሸነፍም የማያስቀይምባት ብቸኛ ሰዓት እርሷ ናት። ባል በሚስት፣ አለቃ በጸሐፊው፣ አያት በልጅ ልጁ ተረትቶ ስቆ ቡናውን የሚጠጣባት ቤት እውነት የሚነገርባት ቤት ትሆናለች። በዳማ አሸንፌሃለሁ ለማለት ያልተፈቀደለት ሰው በትልቁ ጉዳይ ተሳስተሃል ሊል አይችልምና።

ራስ ወልደ ሥላሴ ጎበዝ ተዋጊ፣ ብልህ ገዥ፣ እንግዳ ተቀባይ ሰው ነበሩ። ሰንጠረዥም ይወዱ ነበር። ጥሩ ተጫዋች ይሁኑ አይሁኑ ግን እኛም አናውቅም፤ እርሳቸውም ራሳቸው ሊያውቁት አልቻሉም። ለአንድ ጨዋታ ወዳጅ ከዚህ የከፋ ዕጣ ያለ አይመስለንም።

በዚህ እሑድ ገበታው ሲዘረጋ ማንም ለማንም አይልቀቅ። መልካም ጨዋታ!