ሁሉም ስለ እግሩ ያወራል፤ የአበበ ቢቂላ ክንዶችስ?

ስለ አበበ ቢቂላ ሲነሳ የሁላችንም ሐሳብ የሚሄደው ወደ እግሩ ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሌላ 42 ኪሎ ሜትር። ይሄን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ስለ ክንዱ ግን ማንም አያወራም። የማራቶኑ ንጉሥ የሕይወቱን የመጨረሻ አራት ዓመት ተኩል የኖረው ደግሞ በክንዱ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያኛው አበበ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ነገሩን ከቦንጋ እንጀምረው። ለምን ከቦንጋ? ካፋ የቡና አገር ነዋ! በቡና ገበያ ክብደት የሚቆጠረው በፈረሱላ ነው፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ። ለውጭ ገበያ የሚሄደው አንድ ጆንያ ቡና ደግሞ 60 ኪሎ ይይዛል። ይህችን 60 ኪሎ ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ቦንጋም ይሁን ጅማ፣ አዲስ አበባም ይሁን ደብረ ብርሃን፣ ብረት የሚገፉ ልጆች በየሰፈሩ አይጠፉም። ጂም ከሌለ ሁለት ጣሳ ላይ ሲሚንቶ ይሞላል፣ መሐሉ ላይ ቧንቧ ይሰካል፣ ሲደርቅ ሥራ ይጀመራል። ከሁሉ የሚወደደው ቤንች ነው። አግዳሚ ላይ በጀርባ ተኝቶ ብረቱን ደረት ድረስ አውርዶ መልሶ ወደ ላይ መግፋት። ልጆቹ ሲገናኙ የሚጠያየቁትም ስንት ኪሎ እንደሚገፉ ነው። ጥያቄው ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ የሚገፋው ሰው ራሱ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው።

የእንግሊዝን ኳስ የምትከታተሉ ግዙፉን አጥቂ አዴባዮ አኪንፌንዋን አትረሱትም። ለዊምብልደንና ለዋይኮምብ ተጫውቶ በ2022 ጫማውን የሰቀለው ይህ ሰው ቤንች ላይ 180 ኪሎ ይገፋ እንደነበር ይነገርለታል። ጉድ ነው። ነገር ግን ራሱ ከ100 ኪሎ በላይ ነበር። ስለዚህ የገፋው የራሱን ክብደት ሁለት እጥፍ እንኳን አይሞላም። 57 ኪሎ የሚመዝን ቀጭን ልጅ 114 ኪሎ ቢገፋ፣ በዚህ ስሌት ከአኪንፌንዋ በለጠ ማለት ነው።

57 ኪሎ ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም። የአበበ ቢቂላ የሩጫ ክብደት ወደዚያ ገደማ ነበር።

አበበ በ1932 በነሐሴ ወር ጃቶ በምትባል የሸዋ ገጠር ተወለደ። ልጅ ሳለ የገና ጨዋታ ይወድ ነበር። ወጣት ሲሆን አዲስ አበባ ገብቶ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። እዚያ ነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያሠለጠነው። በ1960 መስከረም 10 ቀን ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የዓለም ሪከርድ ሰበረ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ የእሱ ሆነ።

አሁን አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ። አበበ ሮም ላይ ካሸነፈ ልክ በ8ኛው ቀን፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ ጀርባቸው ተጎድቶ እግራቸው የማይንቀሳቀስ ስፖርተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ተወዳደሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው ያ ነው።

ከ4 ዓመት በኋላም ያው ነገር ተደገመ። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላው፣ በ1964 ጥቅምት 21 ቀን ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግም ሪከርድ ሰብሮ አሸነፈ። ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። እንደ ጨረሰም ሌሎቹ ወድቀው ሲያቃስቱ እሱ ሜዳ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በኅዳር ወር መግቢያ ደግሞ ባለ ወንበሮቹ ቶኪዮ ገቡ። ክብደት ማንሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ፓራሊምፒክ ውስጥ የገባው በዚያ ውድድር ነው። የተፈቀደው የጀርባ አጥንት ጉዳት ላለባቸው ወንዶች ብቻ ሲሆን የሚነሳው ተተኝቶ ነበር። በቃ፣ የእኛ ሰፈር ቤንች ዘመድ ማለት ነው።

አበበ ሁለቴ አሸንፎ ከከተማው ወጣ፤ ሁለቴም እነሱ ተከትለውት ገቡ። አንድ ቀን እሱም ከነሱ አንዱ እንደሚሆን ማን ያስባል?

በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ከውድድሩ ወጣ። ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ይዞት መጣ። አበበ ግን ገና 36 ዓመቱ ነበር፣ ተመልሶ ይመጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

በ1969 መጋቢት 22 ቀን ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። አበበ መኪናዋ ውስጥ እንደ ተያዘ አደረ፤ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበት መጀመሪያ እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። በሳምንቱ በአውሮፕላን እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ።

ይህ ሆስፒታል ተራ ሆስፒታል አይደለም። የጀርባ አጥንት ክፍሉን በ1944 የከፈተው ከናዚ ጀርመን ያመለጠው ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ነው። ከዚያ በፊት ጀርባው የተጎዳ ሰው አልጋ ላይ ተጥሎ የሚሞትበትን ቀን ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል። የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ሕመምተኞቹን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አስጀመረ። ቀጥሎ ቀስት አስያዛቸው፣ ኳስ አስወረወራቸው። ለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ በ1948 ሐምሌ 29፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ 16 ሰዎችን በቀስት አወዳደረ። ሮምና ቶኪዮ ላይ የታየው ሁሉ የበቀለው ከዚህ ግቢ ነው።

ለምን ስፖርት? ስሌቱ ቀላል ነው። እግሩ የማይሠራ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር የሚሸጋገረው በእጁ ተደግፎ ራሱን በማንሳት ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥም መቀመጫው እንዳይቆስል በየጊዜው በሁለት እጁ ገፍቶ ሰውነቱን ከፍ ማድረግ አለበት። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መኪና፣ ቀኑን ሙሉ። የሚያነሳው ክብደት የማንም አይደለም፣ የራሱ ነው። እግሩም አያግዘውም፣ እንዲያውም ሸክም ነው። እንግዲህ ያችን የቡና ጆንያ አሁን አምጧት። የአበበን የሩጫ ክብደት ብንወስድ 3 ፈረሱላ ከሲሶ ገደማ ይሆናል፤ አንድ ጆንያ ቡና ለመሙላት 3 ኪሎ ብቻ ይቀረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከአልጋው በተነሳ ቁጥር አንድ ጆንያ ቡና ለመሙላት ጥቂት የቀረውን ሸክም በክንዱ ያነሳል ማለት ነው። የቦንጋ ወዛደር እንኳን ጆንያውን ሲሸከም ጉልበቱና ወገቡ ያግዙታል።

አበበ ስቶክ ማንደቪል ውስጥ 8 ወር ቆየ። እግሩ አልተመለሰም። ክንዱ ግን ቀስ በቀስ ተመለሰ። አንድ ጊዜ ዓለምን ያስደነቀ ሰው እንደ ሕፃን እጁን ማንቀሳቀስ ተማረ።

ክንዱ ከተመለሰ በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1970 ሐምሌ ወር እዚያው ስቶክ ማንደቪል በተካሄደው ዓመታዊ ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ብረት ገፍቶ አልተወዳደረም፤ ቀስት መሳብ ግን የጀርባና የትከሻ ሥራ ነው፣ ጉትማን ቀስትን የመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1971 ሚያዝያ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄደ። እዚያም በረዶ ላይ በጋሪ በሚደረገው ውድድር ገባና በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። እንግዳ ሆኖ ሄዶ አሸናፊ ሆኖ መመለስ ከአበበ ሌላ ማን ያውቅበታል?

በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በወንበሩ ሆኖ ስታዲየም ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። የማራቶኑን ወርቅ የወሰደው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ ጨበጠው። በዓመቱ፣ በ1973 ጥቅምት 25 ቀን፣ አበበ በጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ አረፈ። የአደጋው ጦስ ነበር። 41 ዓመቱ ነበር። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝተዋል።

በቶኪዮ የተጀመረው ተኝቶ ማንሳት ከዚያ ወዲህ ፓወርሊፍቲንግ ተብሎ ትልቅ ስፖርት ሆኗል። ተወዳዳሪው እግሩን ሳይቀር አግዳሚው ላይ ዘርግቶ በቀበቶ ይታሰራል። እኛ ቤንች ስንገፋ መሬቱን በእግራችን ረግጠን ጉልበት እንሰርቃለን፤ እነሱ ጋ ይሄ የለም። ለዚህ ነው ቁጥራቸው የሚያስደነግጠው። በሪዮ 2016 ኢራናዊው ሲያማንድ ራህማን 310 ኪሎ ገፋ። ያው ሪዮ ላይ በ49 ኪሎ ምድብ ቬትናማዊው ሌ ቫን ኮንግ ከ180 ኪሎ በላይ አነሳ፤ የራሱን ክብደት ሦስት እጥፍ ተኩል በላይ መሆኑ ነው። ራህማን ግን እጅግ ግዙፍ ስለነበር 310ው የክብደቱን ሁለት እጥፍ አይደርስም። በብረት ራህማን ይበልጣል፣ በራስ ክብደት ሲመዘን ኮንግ። በተፈጥሮ ቀላል ሰው በዚህ ስሌት ይጠቀማል፤ ስለዚህ ስፖርቱ ሰዎችን በክብደት ምድብ ይከፋፍላል። እናንተም ከግዙፉ ጓደኛችሁ ጋር ሳይሆን ከትናንቱ ራሳችሁ ጋር ተፎካከሩ።

እንዴት? ከፑሽ አፕ ጀምሩ። ፑሽ አፕ ሲሠራ እጅ ላይ የሚያርፈው ከሰውነት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። 60 ኪሎ የሆነ ልጅ 40 ኪሎ እየገፋ ነው ማለት ነው፣ ያውም በነፃ! ሃያውን ሳይንቀጠቀጥ ከጨረሰ ወደ ብረት ይሂድ። የሲሚንቶ ብረት የሚጠቀም መጀመሪያ ያስመዝነው። ወፍጮ ቤትም ቡና ነጋዴ ጋም ሚዛን አለ። አንዱ ጣሳ ከሌላው ከከበደ ትከሻ ይበላሻል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ይበቃል፤ በመሐሉ ዕረፍት። በአንድ ዙር አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ይሄ ሲቀል 2 ኪሎ ተኩል ጨምሩ እንጂ አትዝለሉ። ብረቱን ደረት ላይ አታንጥሩት። የገፋችሁትን ያህል ሳቡም፤ መጎተቻ ላይ ተንጠልጠሉ። ምስርና ባቄላ ብሉ። ደግሞ ለብቻችሁ ከባድ ብረት ሥር አትተኙ፤ ጓደኛ ከራስጌያችሁ ይቁም።

በየሳምንቱ ጠዋት ተመዘኑና የምትገፉትን በክብደታችሁ አካፍሉት። 60 ሆናችሁ 60 ከገፋችሁ አንድ ነው። ከወራት በኋላ 70 ሆናችሁ 65 ብትገፉ ብረቱ ጨምሯል፣ እናንተ ግን ወርዳችኋል። ኳስ ለሚጫወት ልጅ ይሄ ዋና ነገር ነው፤ ሜዳ ላይ 90 ደቂቃ የሚሸከመው ብረቱን ሳይሆን ራሱን ነውና።

የአበበ ታሪክም መጨረሻው እዚያው ቶኪዮ ይሄዳል። እሱ በወርቅ በደመቀባት፣ ባለ ወንበሮቹም በተከተሉባት ከተማ፣ በ2021 ነሐሴ ወር ትዕግስት ገዛኸኝ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። አበበ በእግሩ የከፈተውን መንገድ ሺዎች ሮጠውበታል። በክንዱ የከፈተው መንገድ ላይ ግን ተራው ገና ነው። ዛሬ በቦንጋም ሆነ በሌላው ከተማ በወንበር የሚሄድ፣ ክንዱ ግን ብረት የሆነ ልጅ አይጠፋም። የሲሚንቶ ብረት ያላችሁ ልጆች፣ አግዳሚውን አካፍሉት።