ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና ተማሪዎቻቸው

ወጣት ለአገሩ የሚሠራው ትምህርቱን ጨርሶ ከተሾመ በኋላ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ግን ይህ አሳብ ትክክል አለመሆኑን ከአንድ የጎጃም ተወላጅ ታሪክ ተረድተናል። እኒህም ሰው ባለቅኔው ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው።

ቀኝጌታ ዮፍታሔ የተወለዱት፣ ከአምበር ተነሥቶ ደብረ ማርቆስን ያለፈ መንገደኛ በሚያገኛት፣ በቅኔ ትምህርቷ በታወቀችው በደብረ ኤልያስ ነው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ሥራ በማጥናት ብቻ አይወሰንም። ገና ልጅ ሳለ ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። አስቀድሞ መሥራት፣ ቀጥሎ መታረም የትምህርቱ ሥርዓት ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሄደው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩም ይህንኑ ሥርዓት ይዘው ሄዱ ብንል ያስኬደናል። በዚያ ዘመን ቴአትር በአገራችን ገና አዲስ ነበረ፤ በሕዝብ ፊት መዝፈንና መጫወትም የአዝማሪ ሥራ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። እርሳቸው ግን ስለ አገርና ስለ መልካም ጠባይ ቴአትርና መዝሙር እየደረሱ ተማሪዎቻቸውን በትልልቅ ሰዎች ፊት አቆሟቸው። ዝም ብሎ መስማት ልማዱ የነበረው ልጅ ለታላላቆቹ ቁም ነገር የሚያሰማ ሆነ።

በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የተዘመረውንና እስከ 1967 ዓ.ም. የቆየውን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የደረሱትም እርሳቸው ናቸው። ዜማውን ያዘጋጁት፣ የ40ዎቹ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ መሪ የነበሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ሲይዝ ቀኝጌታ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በዚያም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ከሕዝቡ ጋራ ብዙ የተማሩ ወጣቶች ተገደሉ። ጠላት የተማረውን ወጣት ይህን ያህል መፍራቱ የወጣት ድምፅ ከንቱ አለመሆኑን ይመሰክራል። ቀኝጌታም ነጻነት ሲመለስ አገራቸው ገብተው በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ እኛ ምን እንሥራ? በአምበር ምንጭ ማጽዳት፣ ችግኝ መትከል፣ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችን ፊደል ማስቆጠር፣ በበዓል ቀንም ስለ ጤና ትንሽ ቴአትር ማሳየት አያቅተንም። ወላጆቻችንንና መምህሮቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። እስክንበስል ድረስ ሥራውን አትከልክሉን፤ እንደ ቅኔ መምህር አስቀድማችሁ አሠሩን፣ ከዚያም ስሕተታችንን አርሙልን። ሰው የሚበስለው በሥራ ነውና።