አጥንትን በብረት የጠገነው ሐኪም

ሰር ዊልያም አርበትኖት ሌን እ.ኤ.አ. በ1856 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ ፎርት ጆርጅ በተባለ የጦር ሰፈር ተወለደ። አባቱ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበር። ሌንም የአባቱን ሙያ በመከተል ለንደን በሚገኘው የጋይ ሆስፒታል ሕክምናን ተማረ፤ በዚያውም በቀዶ ጥገና ሐኪምነት ለብዙ ዓመታት አገለገለ።

በዚያ ዘመን የተሰበረ አጥንት ከውጭ በእንጨትና በጨርቅ ይታሰር ነበር እንጂ ሥጋን ከፍቶ አጥንትን መጠገን እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። ቁስሉ ካመረቀዘ የእግር መቆረጥ፣ አልፎም ሞት ይከተላልና። ሌን ግን አጥንታቸው ተጣሞ በመግጠሙ ወደ ሥራቸው መመለስ የተሳናቸውን ሠራተኞች አይቶ ዝም ለማለት አልቻለም። በ1890ዎቹ የተሰበረውን አጥንት በብረት ብሎን፣ በኋላም ቀዳዳዎች ባሉት ዝርግ ብረት ማያያዝ ጀመረ። ጀርም እንዳይገባም እጁ ቁስሉን ሳይነካ በረጃጅም መሣሪያዎች ብቻ ይሠራ ነበር። ብዙ ሐኪሞች ቢቃወሙትም ከሥራው አላፈገፈገም።

ይሁን እንጂ ጀርምን ድል የነሣው ሐኪም በሌላ ጠላት ተፈተነ። ይኸውም ዝገት ነበር። የሰው ሰውነት ፈሳሽ ጨው ስላለበት ተራ ብረት በውስጡ ይዝጋል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ብረቶች ዛጉ፤ ተሰበሩም፤ በዙሪያቸው ያለውም ሥጋ ተቆጣ። ቁስሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ ብረቱን ለማውጣት ብቻ ሕመምተኛውን እንደገና መክፈት የግድ የሚሆንበት ጊዜ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. ሃሪ ብሪርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በሼፊልድ ከተማ ክሮሚየም የተቀላቀለበትን የማይዝግ ብረት አቀለጠ። በ1920ዎቹም ኒኬል የተጨመረበት ዓይነት ለአጥንት ጥገና ዋለ። በዚህ ብረት ገጽ ላይ ክሮሚየሙ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይፈጥራል፤ ዝገትን የሚከላከለውም ይህ ሽፋን ነው። ነገር ግን ብሎኑና ዝርጉ ብረት በሚገናኙበት ጠባብ ክፍተት ሁለቱ ሲፋተጉ ሽፋኑ ይፋቃል፤ ጨዋማው ፈሳሽም ገጹን ይቦረቡረዋል። ይህን ለመቀነስ ሞሊብዲነም የተባለ ማዕድን ተጨመረበት፤ ብሎኑና ዝርጉ ብረትም ከአንድ ዓይነት ብረት እንዲሠሩ ተደረገ።

ሌን እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. በለንደን ዐረፈ። እርሱ የተጠቀመባቸው ብረቶች ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል፤ የጀመረው ዘዴ ግን ለብረቱ ጥራት በተጉ ሌሎች ሰዎች ድካም ጸንቶ፣ ዛሬም ብዙ ስብሩማንን በእግራቸው ያቆማል።