የሸይኽ ሙሐመድ ሪፍዓት ድምፅ እንዴት ደረሰን?



በረመዳን ከመግሪብ ትንሽ ቀደም ብሎ ካይሮ ጸጥ ትላለች። መንገዱ ሰው ይቀለዋል፣ ማዕድ ይቀርባል፣ ልጆች ተምራቸውን በእጃቸው ይዘው ጆሯቸውን ወደ ራዲዮ ያዘነብላሉ። ከዚያ አዛን ይሰማል። አዛን አድራጊው ወደ አኺራ ከሄዱ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ለብዙ የግብጽ ቤተሰብ ግን ያለ እሳቸው ድምፅ ኢፍጧር ኢፍጧር አይመስልም። እኚህ ሰው ሸይኽ ሙሐመድ ሪፍዓት ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። ዛሬ የምንተርከው የሕይወታቸውን ታሪክና ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው ድምፃቸው እንዴት እንደተረፈ ነው።

ሸይኽ ሪፍዓት የተወለዱት በካይሮ ከተማ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1882 ነው። አባታቸው ፖሊስ ነበሩ። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ታመው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። አባት ልጃቸውን ቁርኣን ቤት አስገቧቸው፤ ልጁም ገና በጨቅላነታቸው ቁርኣንን ሐፈዙ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ደግሞ አባታቸው ሞቱ። ዓይነ ስውሩ የቲም ከቁርኣን ሌላ ሀብት አልነበራቸውም። ቤተሰባቸውን የማስተዳደሩ ሸክም በልጅ ትከሻቸው ላይ ወደቀ፣ እሳቸውም በቂርኣት ተወጡት።

በወጣትነታቸው በሰይዳ ዘይነብ ሰፈር በሚገኘው የፋዲል ባሻ መስጊድ ቃሪእ ሆነው ተሾሙ፣ በዚያም ለረጅም ዓመታት አገለገሉ። ጁሙዓ ሲደርስ ሰው ከሩቅ ሰፈር ሁሉ እሳቸውን ለመስማት ይመጣል። መስጊዱ ሲሞላ ምእመኑ ደጅ ላይ ይቆማል። በዚያ ዘመን የድምፅ ማጉያ የለም፤ ድምፁ የሚደርሰው የሰው ጉሮሮ እስከሚያደርሰው ድረስ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ለመስደድ ብለው አይጮኹም። ቀስ ብለው ይጀምራሉ፣ እያንዳንዱን ፊደል ከመኽረጁ ያወጣሉ፣ ትርጉሙ ሐዘን ሲሆን ድምፃቸው ያዝናል፣ ተስፋ ሲሆን ይፈካል። ያዳምጡ የነበሩ ሰዎች የሚመሰክሩት ስለ ድምፃቸው ማማር ብቻ አይደለም፤ ኹሹዓቸውንም ነው።

በዚያው ጊዜ ዓለም ድምፅን ማስቀመጥ ተምራ ነበር። አሜሪካዊው ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ሠራ። ከአሥር ዓመት በኋላ በርሊነር የተባለ ሰው እኛ ሸክላ የምንለውን ክብ ዲስክ አመጣ። አሠራሩ ሲያስቡት ያስደንቃል። ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። አንባቢው በጡሩምባ መሰል ቀንድ ውስጥ ሲያነብ አየሩ ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፣ ሽፋኑ መርፌ ያንቀሳቅሳል፣ መርፌውም በሚዞረው ዲስክ ላይ ጠባብ ቦይ ይቀዳል። ኋላ ሌላ መርፌ በዚያው ቦይ ሲሄድ ያው መንቀጥቀጥ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ማይክራፎን በቀንዱ ቦታ ገባ፣ ድምፁም ይበልጥ ጠራ።

የሸክላ ኩባንያዎች ካይሮ የገቡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ዘፋኙንም ቃሪኡንም እየጠሩ ይቀዱ ነበር፣ ገንዘቡም ደህና ነበር። ሸይኽ ሪፍዓት ግን አሻፈረኝ አሉ። የፈሩት አንድ ነገር ነው፦ ሸክላ ሸቀጥ ነው። ተሽጦ ከወጣ በኋላ በማን እጅ እንደሚወድቅ፣ በምን ቦታ እንደሚጫወት፣ ንጹሕ ያልሆነ ሰው ይንካው አይንካው ማን ያውቃል? የአላህ ቃል መጠጥ በሚጠጣበት ቤት እንዲዞር ምክንያት መሆን አልፈለጉም።

እኛ ተጅዊድ የቀራን ሰዎች ሌላም ችግር ይታየናል። የዚያ ዘመን ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል፣ በአንድ ገጹ የሚይዘውም ከሦስት እስከ አራት ተኩል ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ሸይኽ ሪፍዓትን የመሰለ ቃሪእ አንዷን አያ ደጋግሞ በሚያነብበት ጊዜ ሸክላው ያልቃል። የት መቆም እንዳለበት የሚወስነው የወቅፍ ሕግ ሳይሆን የዲስኩ ጠርዝ ይሆናል ማለት ነው። ይህም ለቃሪእ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ራዲዮ መጣ። የግብጽ መንግሥት ራዲዮ እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1934 ሥራ ሲጀምር መክፈቻው ቁርኣን እንዲሆን ተፈለገ፣ ሸይኽ ሪፍዓትም ተጠሩ። እሳቸው ግን ወዲያው እሺ አላሉም። ራዲዮም በቡና ቤቱ፣ በየቤቱ፣ በየትም ይሰማል። ስለዚህ በራሳቸው ሐሳብ ብቻ አልወሰኑም፤ የዘመኑን የአዝሀር ሸይኽ ሙሐመድ አል አሕመዲ አዝ ዘዋሂሪን ጠየቁ። የሚፈቀድ መሆኑ ሲነገራቸው ሄደው ሱረቱል ፈትሕን አነበቡ። ይህን ለልጆቻችን ደጋግመን ልንነግር ይገባል። አዲስ ነገር ሲመጣ ዐሊሙ አላወገዙትም፣ ዓይናቸውን ጨፍነውም አልተቀበሉትም፤ ከሚያውቅ ጠየቁ፣ ከዚያ በዕውቀት ሠሩ።

ከዚያች ዕለት በኋላ የፋዲል ባሻ መስጊድ ድምፅ የግብጽ ሁሉ ሆነ። ነገር ግን የዚያ ዘመን የራዲዮ ቂርኣት በቀጥታ የሚተላለፍ ነበር። ሸይኹ ማይክራፎኑ ፊት ተቀምጠው ያነባሉ፣ ሕዝቡ ይሰማል፣ ሲያበቁ ያ ቂርኣት አበቃ፤ በአየር ላይ የሄደ በአየር ላይ ይቀራል። ሸክላ ካልተቀዳ፣ ራዲዮው ካላስቀመጠ፣ የሸይኹ ዕድሜ ሲያልቅ ድምፃቸውም አብሮ ማለቁ ነበር።

እዚህ ላይ አላህ ሁለት ወዳጆችን ሰበብ አደረገ። ዘካሪያ ባሻ መህራንና ሙሐመድ ኸሚስ የተባሉ አፍቃሪዎቻቸው ቂርኣቱ በራዲዮ ሲተላለፍ በቤታቸው በሸክላ ይቀዱት ጀመር። ለገበያ ሳይሆን እንዳይጠፋ ብለው ነው። ከሸክላው አጭርነት የተነሣ አንዱ ገጽ ሲሞላ ሌላ መተካት ነበረባቸው። ዛሬ በእጃችን ካለው የሸይኽ ሪፍዓት ቂርኣት ብዙው የተገኘው ከእነዚህ የግል ቅጂዎች ነው። ሸይኹ የፈሩት ሸክላው ክብር በሌለው እጅ እንዳይወድቅ ነበር፤ አላህ ደግሞ ክብሩን በሚያውቅ እጅ አስቀመጠው።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፈተናው መጣ። ሸይኹን ጽኑ ስቅታ ያዛቸው። በቂርኣት መካከል እየመጣ ትንፋሻቸውን ይቆርጠዋል። ሐኪም ተፈለገ፣ ገንዘባቸው ለሕክምና ወጣ፣ በሽታው ግን አልለቀቃቸውም። አገር የሚያዳምጣቸው ሰው ዝም ብለው ቤታቸው ተቀመጡ። ሕዝቡ ችግራቸውን ሲሰማ ብዙ ገንዘብ አዋጣላቸው። እሳቸው ግን በምስጋና መለሱት፤ የቁርኣን ሰው የሰው እጅ አያይም ብለው አመኑ። በትዕግሥት ቆይተው እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1950 በተወለዱበት ዕለት በ68 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ።

የቀረልን ድምፅ ንጹሕ አይደለም። የራዲዮው ጩኸት፣ የመርፌው መንጫጫትና የሸክላው ጭረት አብረውት ተቀድተዋል። ባለሙያዎች ያንን ሲያጸዱ ከባድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ተጅዊድ የቀራ ሁሉ የሰፊር ፊደላትን ያውቃል፤ ሷድ፣ ዛይና ሲን ናቸው። በፉጨት መልክ ስለሚወጡ ድምፃቸው ቀጭንና ከፍተኛ ነው። የሸክላው ሽሽታም በዚያው ከፍታ ላይ ነው የሚሰማው። ባለሙያው ሽሽታውን አጥፍቶ ድምፁን ለማሳመር ከቸኮለ ሲኑም አብሮ ይጠፋል፣ ሷዱም ይደበዝዛል። ስለዚህ የሚሻለው ጥቂት ጩኸት ትቶ ፊደሉን ማዳን ነው። በቁርኣን ጉዳይ ከማማሩ በፊት ትክክለኛነቱ ይቀድማል።

ከሸይኽ ሪፍዓት ሞት 11 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ግብጻዊው ሸይኽ መሕሙድ ኸሊል አል ሑሰሪ ሙሉውን ቁርኣን በሙረተል አነባበብ ቀድተው አወጡ። ሐሳቡን ያመነጩት ለቢብ አስ ሰዒድ የተባሉ ምሁር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የካይሮ የቁርኣን ራዲዮ ተከፈተ። በሸይኽ ሪፍዓት ዘመን ጥያቄው ቁርኣን ይቀዳ ወይስ አይቀዳ የሚል ነበር። አሁን ጥያቄው እንዴት ባለ ጥንቃቄ ይቀዳ የሚል ሆነ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ በካሴት ያደግን ነን። ክሩ ሲጠላለፍ በእርሳስ እያጠነጠንን የቃሪኦችን ድምፅ ሰምተናል። ዛሬ መቶ ቃሪእ በአንድ ስልክ ውስጥ ይገኛል። የሸይኽ ሪፍዓት ስጋት ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም በኪሳችን ገብቷል። ቂርኣቱ ተከፍቶ ወሬ የምናወራ፣ አያውን የስልክ ጥሪ አድርገን በመካከሉ የምንቆርጥ፣ ስልኩን ይዘን የማይገባ ቦታ የምንገባ ስንቶቻችን ነን? በየመስጊዳችንም ማጉያውን ከልክ በላይ ከፍተን ፊደሉ እስኪሰባበር የምናስጮህ እኛው ኢማሞች ነን። በዚህ ራሳችንንም እንወቅሳለን።

ሌላም አማና አለ። በየገጠሩና በየከተማው በዕድሜ የገፉ ሸይኾቻችን፣ ቁርኣንና ኪታብ ያስቀሩን ዑለማዎቻችን፣ የመንዙማ አባቶቻችን ድምፃቸው ሳይቀዳ እያለፈ ነው። መህራንና ኸሚስ ሸክላ እየቀየሩ የደከሙበትን ሥራ ዛሬ አንድ ልጅ በስልኩ ይሠራዋል። በዚህ ረመዳን ዚያራ ስትሄዱ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ክፍሉን ጸጥ አድርጉ፣ ስልኩን ጠጋ አድርጋችሁ አስቀምጡና ቅዱ። ስማቸውንና ቀኑን ጻፉበት፣ በሁለት ቦታም አኑሩት። የአያታችሁንም ዱዓ አትርሱ።

አላህ ለሸይኽ ሙሐመድ ሪፍዓትና ድምፃቸውን ለጠበቁልን ሁሉ ይዘንላቸው። ጾማችንንም ቂርኣታችንንም ይቀበለን። አሚን።