የብጉንጅን ምስጢር የገለጠው ሐኪም

ብጉንጅ ወጥቶበት የማያውቅ ማን አለ? ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል፣ መግል ይቋጥራል፤ ሲፈርጥ እፎይ እንላለን። መግሉ ከምን እንደሚመጣ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

አሌክሳንደር ኦግስተን ጠየቀ። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1844 በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ከተማ ነው። በ1865 በሕክምና ተመርቆ እዚያው ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ሆነ። በዚያ ዘመን ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ቁስሉ መግል ይዞ ብዙ ጊዜ ይሞት ነበር። መግልን እንደ መዳን ምልክት የሚቆጥሩ ሐኪሞችም አልጠፉም። ኦግስተን የሊስተርን ዘዴ ተከትሎ በካርቦሊክ አሲድ መሥራት ሲጀምር ቁስሎች በደህና ይድኑ ጀመር። ታዲያ አሲዱ የሚገድለው ምንድን ነው?

ከአንድ በሽተኛ እባጭ መግል ወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢያይ፣ ክብ ክብ የሆኑ ጥቃቅን ሕዋሳት ተከማችተው አገኘ። ማየት ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም እኮ! ስለዚህ ከቤቱ ጀርባ ባዘጋጃት ላቦራቶሪ መግሉን አይጦችን ወጋቸው፤ እባጭ ያዛቸው። መግሉን አሙቆ ወይም ካርቦሊክ አሲድ ጨምሮ ሲወጋቸው ግን እባጭ አልወጣባቸውም። እንግዲህ ጥፋተኛው በመግሉ ውስጥ ያለው ሕያው ነገር ነበር።

ይህንን በ1880 በርሊን ለተሰበሰቡ ቀዶ ጠጋኞች አስረዳ። በአገሩ ግን ብዙዎች ተጠራጠሩት፤ እሱ ሥራውን ቀጠለ። በ1882 ባክቴሪያውን ስታፊሎኮከስ አለው፤ የወይን ዘለላ ስለሚመስል ከግሪክኛ የወሰደው ስም ነው። በ1884 ሮዘንባክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ወርቃማና ነጭ ብሎ በሁለት ከፈለው።

የሚገርመው ይሄ ነው፦ ነጩ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ወርቃማው ደግሞ ከሦስት ጤነኛ ሰዎች በአንዱ ገደማ አፍንጫ ውስጥ ይገኛል። ቆዳ ሲጫር ወይም ሲቆረጥ ወርቃማው በር ያገኛል። ነጩም ለረጅም ጊዜ ጉዳት የለውም ሲባል ቆይቶ፣ ዛሬ ሰው ሠራሽ የልብ ክዳን የገባላቸውን ሰዎች እንደሚያሳምም ታውቋል። ጠላት ከሩቅ ብቻ አይመጣም፤ ከጎረቤትም ይነሣል።

ኦግስተን በ1929 አረፈ። ጥያቄው ግን ለእኛ ለወደፊት መምህራን ይጠቅማል። ነገ ተማሪያችን ብጉንጁን በጥፍሩ ሲያፈርጥ ስናይ፣ ተው ማለት ብቻ አይበቃም። እጁን በሳሙና እንዲታጠብ እንንገረው፤ ለምን እንደሆነም እናስረዳው። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ እኛ በሌለንበትም ይታጠባል።