የካሳ ቁስልና የሐኪሙ ላም

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ በጭልጋዋ አይከል በኩል አድርጎ ወደ ቆላው ይወርዳል፡፡ ከዚያ ቆላ የወጣው የቋራው ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ፣ ስለ መድፉና ስለ መቅደላ ብዙ ተጽፎለታል፡፡ ስለ ቁስሉና ስለ ሐኪሙ ግን እምብዛም አይወራም፡፡ በእኔ እምነት ታሪኩን ያለዚህ መረዳት አይቻልም፡፡

ካሳ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ገደማ ነው፡፡ አባቱ ሲሞት እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግራ ጎንደር ውስጥ ኮሶ ትሸጥ ነበር ይባላል፡፡ ኮሶ በዚያ ዘመን ባለጠጋውም ድሃውም የሚጠጣው የትል መድኃኒት ነበር፡፡ ይሁን እንጂ ጠላቶቹ ካሳን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሲሰድቡት ኖረዋል፡፡ መድኃኒቱ ይፈለጋል፤ አቅራቢዋ ትናቃለች፡፡

በ1840 ዓ.ም. ካሳ ሱዳን ምድር ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ገጥሞ ተሸነፈ፡፡ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በጥይት ቆስሎ ነበር፡፡ ጥይቱን የሚያወጣለት የአገር ሐኪም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ላም እንዲሰጠው ጠየቀ፡፡ ካሳም ላሟን ከሚስቱ ከተዋበች አያት ከእቴጌ መነን ለመነ፡፡ እቴጌይቱ ግን ለእንዲህ ያለ ሰው ሙሉ ላም አይገባውም ብላ አንድ ብልት ሥጋ ላከችለት፡፡

ቁስሉ ዳነ፤ ንቀቱ ግን በልቡ ቀረ፡፡ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ የመነንን ልጅ ራስ አሊን ድል አደረገ፡፡ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ነገሠ፡፡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወቱን በገዛ እጁ እስኪያጠፋ ድረስም አገሩን አንድ ለማድረግ ሲታገል ኖረ፡፡ የሥልጣን ምኞቱም እንዳለ ሆኖ፣ ለአመፁ ምክንያት ከሚቆጠሩት አንዱ ያ የላም ነገር ነው፡፡

ሐኪም ጥይት ያወጣል፣ ስብራት ያቀናል፡፡ ሥጋንና አጥንትን መልሶ የሚገጥመው ግን ሰውነት ራሱ ነው፤ ለዚህም ደም፣ ምግብና ዕረፍት ያስፈልገዋል፡፡ የተሰበረ አጥንት በሳምንታት ውስጥ መያያዝ ይጀምራል፤ ለመጠንከር ወራት ይፈጃል፡፡ ጅማት ደም እንደ ልብ ስለማያገኝ ከዚያም ይዘገያል፡፡ ወጌሻ ጠፍሮ ካሰረው ደግሞ ደም ይቋረጥና የሚድነው እግር ይቆረጣል፡፡

እኛ የተማርነው የከተማ ሰዎች ዛሬም ወገባችን ሲያመን ወጌሻ ቤት እንሄዳለን፤ ስንመለስ በሙያው እንሳለቃለን፡፡ ይህ የሕግም ጉዳይ ነው፡፡ ለባለሙያ ክብሩንና ዋጋውን የሰጠ ሰው ሥልጠና እንዲወስድ ሊያስገድደው፣ ሲያጠፋም ሊጠይቀው መብት አለው፡፡ የናቅነውን ወጌሻ ግን፣ የአንድ ሕፃን እግር በማሰሪያው ምክንያት ሲቆረጥ፣ በምን አንደበት እንጠይቀዋለን? መነን ላሟን የከለከለችው ካሳን ብቻ አልነበረም፤ ሐኪሙንም ጭምር ነው፡፡